የዝገት ኮት

እህቴ ቀዳዳ ደፋኝ ነበረች። ልብስ ሰፊ አላልኩም፤ ልብስ ሰፊማ በየመንገዱ ሞልቷል። እኔና እሷ አንድ ላውንድሪ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተናል፤ እኔ ከፊት ካውያ ላይ፣ እሷ ከኋላ መስኮቱ ሥር፣ አንድ እግሩ በካርቶን በተደገፈ ጠረጴዛ ላይ። ሲጋራ ያቃጠለው ሱሪ፣ አይጥ የበላው ካፖርት፣ ሚስማር የያዘው ቀሚስ ይመጣላታል። ከዚያው ልብስ፣ ከውስጥ እጥፋቱ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ትመዛለች። በዚያ ክር አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፈች ቀዳዳውን እንደ አዲስ ትሸምነዋለች። ሲያልቅ ባለቤቱ ይመጣና «የቱ ጋ ነበር የተቀደደው?» ይላል። እሷ ደስ የሚላት ያን ጊዜ ነው።

«እስቲ ፈልገው» ትለዋለች።

ሰውየው ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ይዞት ይሄዳል። ያገላብጣል፣ ዓይኑን ያጠባል፣ ይተወዋል። እኔም ብሆን በካውያ እየሄድኩበት አግኝቼው አላውቅም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የእህቴን ስፌት ፈልጎ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ልጇ።

ሰዉ ሁሉ የሚያውቀው ዝገት በሚለው ስሙ ነው። ራሱ ነው ያወጣው። «ምን ነካህ፣ ስንት ደህና ስም እያለ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አክስቴ፣ ብረት ሁሉ መጨረሻው ዝገት ነው፤ እኔ ቀድሜ ደረስኩ» አለኝ። ሲቀልድ ፊቱ አይስቅም፤ አባቱም እንደዚያ ነበር። አባቱ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ጉበቱን ታሞ ሞተ። የተረፈው አንድ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ኮት ነው፣ የደንብ ልብሱ። እህቴ በናፍታሊን አስቀምጣ አቆየችው። ልጁ አሥራ ሰባት ሲሞላው ኮቱ ልክ ሆነው። ልክ በሆነው ሳምንት መቀስ አነሳና ቀደደው።

ከሥራ ስንገባ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ የቀደደውን በመርፌ ቁልፍ እያያያዘ አገኘነው። ክንዱ ላይ ሁለት፣ ጀርባው ላይ ሦስት፣ ኪሱ ሥር አንድ፣ ኮሌታው ላይ አንድ። ሰባት።

«የአባትህን ኮት!» አለች እህቴ።

«እማ፣ ዕድሜ ልኩን አንገቱን አንቆት የኖረ ልብስ ነው። አሁን ይተንፍስ።»

እህቴ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ መሃል ከታ ያዘቻቸው። በማግስቱ ሥራ ቦታ፣ «እጄን በላኝ» አለችኝ፤ «ቤቴ ውስጥ ሰባት ቀዳዳ ተቀምጦ እኔ የሰው ሱሪ እደፍናለሁ።» መቼም አላስቻላትም። አንድ ቅዳሜ ሌሊት እሱ ተኝቶ ሳለ አንዱን፣ ኪሱ ሥር ያለውን፣ ደፈነችበት። ጠዋት ለብሶት ወጣ። አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ተመልሶ መጣና ከፊቷ ቆሞ በጣቱ ዳበስ ዳበስ አደረገው፤ ልክ በስፌቷ ላይ ጣቱን አሳረፈ። በመቀሱ በዚያው ከፈተው።

«እማ፣ እኔ ያንቺ ላውንድሪ ቤት መጥቼ ልብስ እቀድዳለሁ እንዴ? የኔን ሥራ አታበላሺብኝ።»

እህቴ የሳቀችው ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። «አገኘው!» አለችኝ፤ «አየሽው፣ ይሄ ሰይጣን አገኘው!» ከዚያ ወዲያ ነክታው አታውቅም። ደንበኞች ግን አልማሯትም፤ «የደፋኟ ልጅ ቀዳዳ ለበሰ» እያሉ ይሳለቁባታል። «የኔ ልጅ ቀዳዳ የሚታይ ነው፤ የናንተን ነው እኔ የምሸፍነው» ትላቸዋለች።

ሲዘፍን አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ መኪና በሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ። ፓንክ ነው የሚሉት። ጩኸት ነው፤ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ጩኸት። ጆሮዬ ጭው ብሎ ልወጣ ስል አንዷን ስንኝ ያዝኳት፤ «አባቴ ሰው ሁሉ አደረሰ፣ እሱ የትም አልደረሰ።» እየዘለሉ እየተጋፉ የነበሩት ልጆች ሁሉ አብረውት ጮኹ። ቆሜ ቀረሁ። ለእህቴ ባል፣ ለዚያ ዝምተኛ ሾፌር፣ ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ስንት የማያውቀው ሰው ይጮህለታል ብዬ ተገረምኩ።

ዝገት የሞተው በሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ በዚያው ጋራዥ፣ ልምምድ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ዝናብ ጥሎ ጣሪያው አፍስሶ ነበር። የማይክራፎኑ ሽቦ የተላጠ ነበር፤ ኤሌክትሪክ ያዘው። ከኋላው የነበረው ከበሮ መቺው ነው፤ በሥራው በያጅ ነው፣ ኤሌክትሪክን ያውቃል፤ መጀመሪያ ሽቦውን ነቅሎ፣ ከዚያ ተሸክሞት ሮጠ። ሐኪሞቹ ደረቱን ለማግኘት ኮቱን ከአንገቱ እስከ ታች በመቀስ ተረተሩት። አልሆነም። ኮቱን በፕላስቲክ ከረጢት ሰጡን። እህቴ መፈረም አልቻለችም፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ኮቱን ላውንድሪ ቤት ይዛው መጣች። ምሳ ሰዓት ላይ፣ እኔ ስበላ፣ እሷ ሳትበላ፣ መርፌ ቁልፎቹን እየፈታች በከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረቻቸው። ከዚያ መድፈን ጀመረች። ሦስት ወር ፈጀ። ያ የሐኪሞቹ ስምንተኛው ከሁሉ ባሰ፤ መቀሱ ዶልዱሞ ጨርቁን አኝኮት ነበር። ከእጥፋቱ የሚመዘዝ ክር አለቀባት፤ ከኮሌታው ሥር መዘዘች፣ እሱም ሲያልቅ ከኪሱ ውስጥ። ስትጨርስ አምጥታ ካውያዬ ፊት አነጠፈችው። ተኮስኩት። ደህና፣ ጨዋ፣ የአንድ ሾፌር ኮት ሆኖ ወጣ።

«ሰባቱን ምነው በተውሻቸው?» አልኳት።

«እጄ አንዴ ከጀመረ መቼ ያቆማል?» አለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

አሥር ዓመት አለፈ። እህቴ እያነሰች ሄደች፤ ዓይኗን ሞራ ሸፈነው፣ ከሥራ ወጣች፣ እኔ ቤት ገባች። የልጇ ስም ግን እያደገ ሄደ። እሱ ሲሞት ጡት ያልጣሉ ልጆች ስሙን በየግንቡ ይጽፋሉ። ፀጉራቸውን እንደሱ ያቆማሉ፣ ኮት ገዝተው ሰባት ቦታ ይቀድዱታል። በሞተበት ቀን በየዓመቱ ጋራዡ ውስጥ ይሰበሰባሉ። እህቴን ማንም አይጠራትም። እናት እንዳለችው የሚያውቅ ያለም አይመስለኝ።

በአሥረኛው ዓመት ከበሮ መቺው መጣ፤ ሸብቷል። አብራው አንዲት ራሷን የተላጨች ልጅ ነበረች።

«እማማ፣ ዘንድሮ ትልቅ አዳራሽ ተከራይተናል። የሱን ነገር ሁሉ እናሳያለን። ኮቱ ካለ ብለን ነው» አላት።

እህቴ በደስታ ብድግ አለች። አሥር ዓመት ሙሉ ይህን ነበር የምትጠብቀው። ቁም ሣጥኑን እየዳበሰች ከፍታ አወጣችው፤ በላውንድሪ ቤት ላስቲክ እንደተሸፈነ፣ ቁጥሩ ኮሌታው ላይ እንደታሰረ።

ልጅቷ አየችው፤ ከበሮ መቺውን አየችው።

«እማማ፣ ይሄ የሱ አይደለም» አለች። «የሱ የተቀደደ ነው።»

«የሱ ነው።»

«ተሳስተሽ ይሆናል፤ ሌላ ኮት...»

«እስቲ ፈልጊው» አለች እህቴ።

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። አገላበጠች። ከበሮ መቺው አጠገቧ ቆሞ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ፤ የኮቱን ቁልፎች አወቃቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ምነው እማማ» አለ፤ «ምነው! ልጅሽን እኮ ነው የደፈንሽው።»

ክፉ ብሎ አልነበረም። ግን እህቴ እንደ ተመታ ሰው ሆነች። «ሰባቱ የሱ ነበሩ፤ መንካት አልነበረብኝም። ለሳምንት ተመለሱ፣ እኔው እከፍታቸዋለሁ» አለች።

ያን ሳምንት ምን ብዬ እጽፈዋለሁ? ፎቶግራፍ ትተውልን ነበር። እኔ ከፎቶው እያየሁ «ከክርኑ አራት ጣት ከፍ በይ» እላታለሁ፤ እሷ ዓይን የላት፣ በጣቷ ትዳብሳለች፤ ጣቷ ይቆማል። «እዚህ ናት» ትላለች። በመርፌ ጫፍ አንድ አንድ ክር ትፈታለች። ሰባቱን ፈታች። መርፌ ቁልፎቹን ከቆርቆሮው አውጥታ በቦታ ቦታቸው መለሰች። አንዱ ዝጎ ጣቷን ወጋት፤ «ስሙን አወጣ» አለች። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ኮቱን አጥፋ አስቀመጠች።

ሲመጡ ከበሮ መቺው ዳስሶ አየው። «የፊት ለፊቱስ?»

«እሱ የልጄ አይደለም። የሐኪሞቹ ነው።»

«እማማ፣» አለች የተላጨችው ልጅ፣ አጠገቧ ተንበርክካ፣ «ሰዉ እንዴት እንደሞተ ማወቅ አለበት። በዚያ ሽቦ፣ በዚያ ቀዳዳ ጣሪያ። ዝም ብሎ የሞተ እንዳይመስል።»

«እንዴት እንደኖረ ሰባት ቦታ ከፈትኩላችሁ። ይህችን አንድ ተዉልኝ። ደረቱ ናት፤ ይበርደዋል።»

ከበሮ መቺው፣ «በልጅሽ እምላለሁ፣ ማንም አይነካትም» አለ። ልጅቷ ምንም አላለችም። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ።

በቀኑ እኔና እህቴ ጥሩ ልብሳችንን ለብሰን ሄድን። አዳራሹ የድሮ መጋዘን ነው። ሁለት ሺህ ሰው ይሆናል፤ ቀዳዳ የለበሰ፣ ፀጉሩን ቀይና አረንጓዴ የቀባ። መንገድ ለቀቁልን። «የዝገት እናት ናት» እያሉ ከአፍ አፍ ሲተላለፍ ይሰማኛል፤ አንዱ ጎረምሳ እጇን ስሞ አለቀሰ። እህቴ ግራ ገብቷት ፈገግ ትላለች። ኮቱ መካከል ላይ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ቀረብኩ። ከአንገቱ እስከ ታች ተተርትሯል። ከሥሩ በወፍራም ጽሑፍ «የሞተበት ኮት» ይላል።

«እንዴት ነው? ደህና ሰቀሉት?» አለችኝ እህቴ፣ ክንዴን ይዛ።

የመለሰችላት ያቺ የተላጨች ልጅ ናት። ከኛ ኋላ ቆማ ነበር።

«እማማ፣ እኔ ነኝ የከፈትኩት። ዛሬ ጠዋት። እሱ አያውቅም፤ እኔ ነኝ። እርገሚኝ፣ ግን ሰዉ ማየት አለበት።»

መድረኩ ላይ ከበሮ መቺው ሊጀምር ዱላዎቹን አንስቷል፤ ከዚያ ሆኖ አየን፣ ዱላዎቹን አስቀመጠ። እህቴ አልጮኸችም። «ክፈቱልኝ» ብቻ አለች። ሣጥኑ ተከፈተ። እጇን አስገባች። ጣቷ በተተረተረው ላይ ከላይ እስከ ታች ወረደ፤ ጉንጯ አመድ ሆነ። ከዚያ ጣቷ ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን ሄደ። ቆመ። ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ታች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አላገኙትም» አለችኝ።

ልጅቷ ስፌቱን ብትፈልግ ብትፈልግ አጥታ፣ በግምት፣ ደህናውን ጨርቅ ነበር የቆረጠችው።

ሰዎቹ መዝፈን ጀመሩ፤ ያቺን የአባቱን ስንኝ ሁለት ሺህ አፍ ሲጮኻት ወለሉ ተንቀጠቀጠ። እህቴ እስኪያልቅ ቆማ ሰማች። ቤት ስንገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች፤ ለሁለት ቀን አልተነሳችም።

ከበሮ መቺው ኮቱን መልሶ አመጣው። በሩ ላይ ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። «በልጅሽ ምዬ... ድፈኚው እማማ» አለ። ከየት ታምጣ? ዓይን የለ፣ ከኮቱም የሚመዘዝ ክር አልቋል። «አንቺ ስፊው» አለችኝ። «እኔ ካውያ እንጂ መርፌ የት አውቃለሁ?» ብላትም፣ «በፈለግሽው ክር። ብቻ ይዘጋ» አለች። ላውንድሪ ቤት ቁጥር የምናስርበት ጥቁር ክር ነበረኝ፤ በሱ ሰፋሁት። አንዲት ሺህ እግር ትል ደረቱ ላይ የወጣችበት መሰለ። በጣቷ ዳብሳ፣ «አይ አንቺ» አለች፤ ትንሽ ሳቀች። በዚያው ክረምት ሞተች።

ኮቱ እኔ ጋ ነው። በሞተበት ቀን በየዓመቱ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ሽማግሌ ሆኖም ከበሮ መቺው መጥቶ ይወስደኛል። ልጆቹ ይከቡኛል፣ ያን የኔን ጥቁር አስቀያሚ ስፌት ፎቶ ያነሳሉ፣ በጣታቸው ይነካሉ።

«እማማ፣ ሐኪሞቹ የቀደዱት ይሄ ነው አይደል? እናቱ የሰፋችው?»

«አዎ፣ እሱ ነው» እላቸዋለሁ።

ቤት ስገባ አነጥፈውና እተኩሰዋለሁ። ካውያው የኔ ስፌት ላይ ሲደርስ ይንገጫገጫል። ሁለት ጣት ወደ ጎን ግን ምንም ሳያግደው ይሄዳል።