የይግዛው ወዳጅ፣ የሞጣው ሳሊህ

የቢቸና ሕዝብ ሆይ፣ ጆሮህን ስጥ! የአምሳለች የመጨረሻ ልጅ፣ በፖላንድ አገር በፖዝናን ከተማ የካርቶኖች ጠቅላይ አዛዥ፣ የአንድ ክፍልና የአንድ መስኮት ባለርስት፣ ይግዛው ዘቢቸና፣ ባሕር ተሻግሮ በዘመተ በአሥራ አራተኛ ወሩ፣ ከብርቱ ተጋድሎ በኋላ አንድ ወዳጅ ማርኳል! ምርኮኛውም ሳሊህ ይባላል፤ የሞጣ ሰው ነው። የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ የተጠራጠርህ ምላስህን ሰብስብ!

አዋጁን ያስነገረችው እናቱ ናት። ነጋሪት ስለሌላት በወፍጮ ቤት ሰልፍ፣ በእድር ድንኳንና በቤተ ክርስቲያን ደጅ አስነገረችው። አንድ ጎልማሳ ጓደኛ ማግኘቱ ምን ያስለፍፋል የሚል ካለ ይግዛውን አያውቀውም። ይግዛው «እንዴት አደራችሁ» ለማለት ከሩቅ ጀምሮ ሲዘጋጅ ቆይቶ፣ ሰዎቹ ካለፉ በኋላ ለጀርባቸው የሚናገር ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እንዲያሽግ ቪዛ ተመትቶለት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሰላም ወደማይልበት አገር የዘመተው።

አምሳለች የዚያን አገር ብርድ አልፈራችለትም፤ ለብርዱ ጋቢ ሰጥታዋለች። በየእሑዱ ሲደውል ጥያቄዋ ሌላ ነበር።

«ሰው አገኘህ?»

«ሰውማ ሞልቷል፣ እማዬ።»

«የሞላውን መች ጠየቅሁህ! ብትታመም ውኃ የሚያቀብልህ ሰው አገኘህ ወይ?»

ይግዛው ዓመት ከሁለት ወር መልሱን ሲያድበሰብስ ኖሮ አንድ እሑድ «አዎ» አላት። «ሳሊህ የሚባል የሞጣ ልጅ አለ። አንድ ሕንፃ ላይ ነን። እናቱ ኸይራት ይባላሉ፤ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ጨርቅ ይሸጣሉ።» አምሳለች እልል አለች። እውነትም እልል አለች፤ ጎረቤት ልጇ አገባ መስሎት ሮጦ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ሳሊህ የቤት ልጅ ሆነ። በፋሲካ ዋዜማ ከቢቸና ፖዝናን ድረስ መመሪያ ተላለፈ፦ «ሳሊህን ጥራው፤ ሥጋውን ግን እንዳታቀርብለት፣ የእኛን እርድ አይበላም። ሽሮ ሥራለት። በተለየ ድስት!» የረመዳን ጾም ሲገባ «ፊቱ ላይ እንዳታኝክ» ተባለ። ተጓዥ ተገኝቶ ዕቃ ሲላክ ሽሮው በሁለት ከረጢት ተሰፋ፤ አንደኛው በአረንጓዴ ክር፣ የሳሊህ። የይግዛው ታላቅ እህት ጥሩአየሁ፣ በትምህርት ቤት አስተማሪ የሆነች፣ የምትሠራውን የምታውቅ ሴት፣ በዚህ ሳሊህ መቅናት ጀምራ ነበር። «እኔን ሰላም የምትይኝ እኮ ስለ ሳሊህ ጠይቀሽ ስትጨርሺ ነው» ትላታለች እናቷን። «አንቺ ሰው አለሽ» ትላለች አምሳለች።

እንዲህ ሲባል ሁለት ዓመት ሄደ። ባለፈው ጥር አምሳለች ሦስት ቀን ታማ አረፈች። ተቀበረች፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሠልስት ወጣ፣ ድንኳን ተነሣ። ቢቸና ሲያለቅስ ይግዛው ካርቶን ያሽግ ነበር። አልሰማም።

የእናታቸው ወንድም ጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ የመርዶ ጉባኤ ጠራ። ይህ ሰው በሦስት መንግሥት የቀበሌ ስብሰባ የመራ ነው፤ እንባው እንኳ ያለ አጀንዳ አይወርድለትም።

«መርዶ በስልክ አይነገርም!» አለ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። «ሰው በማለዳ ቤቱ ሄዶ፣ ከበብ አድርጎ፣ ብብቱን ይዞ ነው የሚያረዳው። ብቻውን ሰምቶ ከፎቅ ቢወረወርስ? ሳሊህ አለ አይደል! ሳሊህ ሦስት አራት ሰው ይዞ ይግባና ያርዳው። ጥሩአየሁ፣ ስልኩን ከይግዛው ተቀበዪ።»

«የጓደኛህን ስልክ ላክልኝ ካልሁትማ፣ ጋሼ፣ ያን ጊዜ አረዳሁት። ውጭ ያለ ሰው ይህችን የማያውቅ አለ?»

ሳሊህን በፌስቡክ እንዳይፈልጉት ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል። በመጨረሻ፣ ከረጅም ውይይትና ከብዙ አረቄ በኋላ፣ አንድ ሰው ሞጣ ሄዶ ቁጥሩን ከኸይራት ቤት እንዲያመጣ፣ ይግዛውም የእናቱ አርባ ሳይወጣ መርዶውን እንዲረዳ ተወሰነ። ውሳኔውን ያሳለፉት ስምንት ወንዶች ናቸው። ፈጻሚዋ ጥሩአየሁ ነች።

የሞጣ መንገድ ግን ተዘግቶ ነበር። እሑድ በመጣ ቁጥር ይግዛው ይደውላል፣ «እማዬን አቅርቢልኝ» ይላል። በመጀመሪያው እሑድ እናቱ ጸበል ገባች። በሁለተኛው ጉሮሮዋ ተዘጋ። በሦስተኛው ክርስትና ተጠርታ ደጀን ሄደች። በአራተኛው ጥሩአየሁ ውሸት አለቀባት፤ መስመሩ የማይሰማ አስመስላ «ሄሎ ሄሎ» ስትል፣ ወንድሟ ቀስ ብሎ «ተቀይማኛለች እንዴ?» አለ።

«ምን በድለሃት ትቀየምሃለች?»

ይግዛው ስልኩን ዘጋ።

መንገዱ ሲከፈት አርባው አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ጥሩአየሁ ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች ሚኒባስ ተሳፍራ፣ በደብረ ወርቅ አልፋ፣ ከምሳ በፊት ሞጣ ገባች። ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ያለውን የጨርቅ ሱቅ ለማግኘት ሁለት ሰው መጠየቅ በቃት። አንድ ወፍራም ሰውዬ መደርደሪያውን ተደግፎ ፖሊስተር በሜትር ይለካል፤ አንዲት አሮጊት በዱካ ላይ ተቀምጠው ቁራጭ ጨርቅ ይለቅማሉ።

«እማማ ኸይራት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ጥቁር ለብሰሻል፤ አላህ ያጽናሽ። ምን ልስጥሽ?»

«ልጅዎ ሳሊህን ፈልጌ ነው። የሚገኝበትን ስልክ።»

«ስልክ ምን ያደርግልሻል?» አሉ አሮጊቷ፤ በአገጫቸው ወደ ወፍራሙ አመለከቱ። «ይኸው ቆሟል። ምሳ ሳይደርስ የትም አይሄድም።»

«ፖላንድ ያለውን ማለቴ ነው።»

ሰውዬው ሜትሩን አስቀመጠ። «እህቴ፣ በዚህ ቤት ያለው ሳሊህ አንድ ነው። ውጭ አገር ማለት ባሕር ዳር ከሆነ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ።»

ጥሩአየሁ የወንድሟን ስም ጠራች። እናትና ልጅ ተያዩ።

«ይግዛው!» አለ ሳሊህ። «የኋላ ክፍላችን ተከራይ! ኮሌጅ ሲማር ሦስት ዓመት እዚሁ ጓሮ ነበር።»

«ያ ዝምተኛው?» አሉ ኸይራት። «ኪራይ ሊሰጠኝ ሲመጣ እንኳ ግድግዳውን ነበር የሚያናግረው። ምን ሆነ?»

ይግዛው ኮሌጅ ሳለ የአከራዮቹን ስም ለቤቱ ነግሮ አያውቅም። ጥሩአየሁ ሁሉንም ነገረቻቸው፦ ፋሲካውን፣ የተለየውን ድስት፣ በአረንጓዴ ክር የተሰፋውን ከረጢት። ሳሊህ መጀመሪያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እና እዚያ እንዴት ነኝ? ሥራ ይዣለሁ?»

«ፎርክሊፍት፣ የመጋዘን ዕቃ ማንሻ ትነዳለህ። መኪና ልትገዛ ነው ብሎናል።»

«ወላሂ ከዚህኛው እኔ ይሻላል! አገባሁ?»

«እምቢ አልህ። እናቴ በጣም ተናዳብህ ነበር።»

ከዚህ በኋላ መሳቁን ተወ። ያ ሰው፣ አሰበ ሳሊህ፣ ለውሸት እንኳ አዲስ ጓደኛ መፍጠር አልሆነለትም፤ ያለውን አንድ ተዋሰ። እሱ ራሱ ደግሞ፣ መዋሱን ባያውቅም፣ ይግዛው ከሄደ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ደውሎ አልጠየቀውም። ኸይራት በበኩላቸው ቁራጩን ጨርቅ ጥለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ታዲያ አሁን አጠገቡ ማን አለ?»

«ማንም» አለች ጥሩአየሁ። ቃሉን ጮክ ብላ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያን ቀን ያህል አላለቀሰችም።

ካለቀሰች በኋላ መከሩ። መርዶውን እንዳይነግረው፣ ነገር ግን ሳሊህ ደውሎ በአቅራቢያው አንድ እንኳ የሚጠራ ሰው እንዳለው በዘዴ እንዲያጣራ ተስማሙ። ይግዛው ሰሞኑን የማታ ፈረቃ ነው፤ ቀን ቤቱ ነው። ሳሊህ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ፣ ጥሩአየሁ በሰጠችው ቁጥር፣ ድምፁን ለሁሉም ከፍቶ ደወለ።

«ይግዛው፣ ሳሊህ ነኝ።»

«የቱ ሳሊህ?»

«ስንት ሳሊህ አለህ? የሞጣው ነኛ!»

«እህቴ መጣች?» አለ ይግዛው።

ሳሊህ ጥሩአየሁን አየ፤ በዐይኗ ፈቀደችለት። «ለትምህርት ቤት ሥራ መጥታ፣ በሱቁ ስታልፍ ስሜን ሰማች።»

በሌላ ቀን ቢሆን የቢቸና ልጅ ይህን ሲሰማ ወዲያው መርዶ ይጠረጥር ነበር። እፍረቱ ግን ጆሮውን ደፈነበት። «በቃ፣ እማዬ አውቃለች» አለ። «ለዚህ ነው ወር ሙሉ ያላናገረችኝ። ጸበል፣ ጉሮሮ፣ ደጀን... አውቃብኝ ነው።»

«አላወቀችም» አለ ሳሊህ። «ወላሂ፣ እናትህ አላወቀችም።»

እውነቱን ነው። ጥሩአየሁ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ያዘች።

«በእኔ ለምን ዋሸህ ግን?»

«ሌላ ሰው አላውቅማ!» አለ ይግዛው፤ ከዚያ በዕድሜው ያልተናገረውን ያህል ተናገረ። «አልሞከረም እንዳትሉኝ። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጧል፤ ርቄ ብቀመጥ ናቀኝ ይላል ብዬ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ቦርሳውን አቅፎ ሹፌሩ ጋ ሄደ። ምሳ ላይ ምሳ ዕቃዬን ከፍቼ ለአሥራ አንድ ሰው እንብላ አልሁ፤ በቋንቋቸው ተምሬ ነው ያልሁት። አንዷ ጎንበስ ብላ አየችና ‹ምነው፣ ተበላሽቷል?› አለችኝ። አሁን ደረጃ ላይ ነው የምበላው። ጣቢያ አንድ ሐበሻ አግኝቼ ተቃቀፍን፣ ስልክ ሰጠኝ። በሳምንቱ ደወልሁ። ‹ምን ፈልገህ ነው?› አለኝ። ምንም፣ ሰላም ልልህ ነው አልሁት። ‹እሺ፣ ሰላም› ብሎ ዘጋ። ሳሊህ፣ የአንተን ሽሮ በተለየ ድስት ሠርቼዋለሁ። እማዬ በተለየ ድስት ብላኛለቻ። ውሸቱ እንዳይበዛ ብዬ።»

ኸይራት ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለ ይግዛው። «ካላወቀች እንዳትነግሯት። ጥሩአየሁን ለምንልኝ። እማዬን እንቅልፍ የሚወስዳት ሰው አለው ብላ ነው። ሳሊህ አለ በሏት። ብዙም አይደለም፤ እውነተኛ ሰው እስካገኝ ድረስ።»

«እሺ» አለ ሳሊህ። «አለሁ።»

«ነገም ትደውላለህ?»

«እደውላለሁ።»

በነጋታውም ደወለ፤ ከዚያም በኋላ አላቋረጠም። ስለ ሱቁ፣ ስለ ፖሊስተሩ፣ ስለ ጉልበት ሕመሙ ያወራዋል። ይግዛው ይስቃል አሉ። መርዶ ሊያረዳ የተጠራው ሰው የውሸቱ ዘበኛ ሆኖ ቀረ፤ ሞጣ ተቀምጦም የፖዝናንን በር ማንኳኳት አይቻልም፣ ብብት መያዝም አይቻልም። ጥሩአየሁ ቢቸና ተመልሳ ለጉባኤው ስትናገር ጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሌላ አስተማማኝ ሰው ይፈለግ» የሚል የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። እሱም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የሚፈለግበት ቦታ አልተጠቀሰም። አርባው ሊወጣ ሰባት ቀን ቀርቶታል።

እንግዲህ አንተ ፖዝናን ያለኸው፣ ወይም «ፖዝናን ሰው አለኝ» እያልህ በየሠርጉ አንገትህን የምታቀናው አንባቢ፣ ይህን አንብበህ «ያሳዝናል» ብለህ ገጽ አትግለጥ። ሰውዬው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ከደረጃው በስተግራ። በማለዳ ሂድ፣ ከፈረቃው እንደተመለሰ። ብቻህን አትሂድ። ስታንኳኳ ይዘገያል፤ የእሱ በር ተንኳኩቶ ስለማያውቅ የጎረቤት ይመስለዋልና ደጋግመህ አንኳኳ። ሲከፍት መጀመሪያ ስምህን፣ እውነተኛ ስምህን ንገረው። ገብተህ አስቀምጠው፣ አጠገቡም ተቀመጥ፤ እጁን ያዝና፣ ይህ ወረቀት የማይችለውን አንተ በአፍህ እንዲህ በለው፦