ለሼኹ ያልነገርኳቸው

ድሬዳዋ አንቱታ አታበዛም። ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እንላለን፤ የሚቀየም የለም። ሼኹን ግን ሰፈሩ በሙሉ አንቱ ይላቸው ነበር። የኔም ጥፋት ከዚሁ አክብሮት ነው የመጣው።

በንጉሡ ጊዜ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ ግሪካዊ የጥርስ ሐኪም ዘንድ እሠራ ነበር። የገባሁት ወለል ልወለውል ነው። እሱ የሚናገረውን ጣሊያንኛ እየሰማሁ ለመድኩት፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛውን ሰፈር አስተምሮኛል፤ ሳላስበው አስተርጓሚ ሆንኩ።

ሼኹ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን ያስቀራሉ፤ በረመዳን የማታውን ሶላት፣ ተራዊህን፣ የሚያሰግዱትም እሳቸው ናቸው። እናቴ ለሥራ ስለምትፈልገኝ ቁርኣን ቤት አልገባሁም። ግን የቁርኣን ቤቱ ግንብ ከጓሯችን ጋር ይገናኛል፤ እሳቸው ሲያስቀሩ እኔ ልብስ እያጠብኩ አብሬ ቀራሁ። ይህን እሳቸው አያውቁም።

ታዲያ የፊት ጥርሶቻቸው ተራ በተራ ወለቁ። «ሰ» ሲሉ ትንፋሻቸው ሾልኮ ያፏጫል። ልጆቹ ከኋላ «ባቡሩ ገባ!» እያሉ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። አንድ ቀን ክሊኒኩ መጡ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ረመዳን አምስት ሳምንት ነው የቀረው» አሉኝ። «ለመብላቱ አይደለም፣ ገንፎም ይበቃኛል። ሐርፉ፣ የቁርኣኑ ፊደል፣ በትክክል ይውጣልኝ እንጂ።»

ሐኪሙ ድዳቸውን በጣቱ ጫን ቢያደርገው መግል ወጣ። የቀሩትን ጥርሶች ነካ ነካ አደረገ፤ ሁሉም ይነቃነቃሉ። እጁን እየታጠበ በጣሊያንኛ እንዲህ አለኝ፦

«ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ቤት ይሠራል ወይ? ድዱ የበሰበሰ ነው። መጀመሪያ እሱን ላክመው፣ ሦስት ወር ይታገሥ። አሁን ሰው ሠራሹን በነዚህ ላይ ባንጠለጥለው የቀሩትንም ይዟቸው ይወድቃል። ሳትቀንሺ ንገሪው።»

ዞር ብዬ አየኋቸው። ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ መፋቂያቸው ከኪሳቸው ብቅ ብሎ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ አፋቸውን ለሚያጠቡ ሰው «አፍዎ በስብሷል» እንዴት ይባላል? ረመዳኑስ?

«ድድዎ ትንሽ ቆስሏል ይላል፤ በጨው ውሃ ይጉመጥመጡ» አልኳቸው።

ለሐኪሙ ደግሞ «ገብቷቸዋል። ቢሆንም አሁኑኑ ይሠራልኝ ይላሉ» አልኩት። ትከሻውን ሰበቀና የልክ መውሰጃውን ሰም ማሞቅ ጀመረ።

ልኩ በጄሶ ወጣ፤ አራቱ ጥርሶች ተሠርተው ግራና ቀኝ ባሉት ጥርሶች ላይ በሽቦ ተያዙ። ረመዳን ሲገባ እናቴ ከጓሮ «ነይ፣ ስሚ!» ብላ ጠራችኝ። ሼኹ ከግንቡ ማዶ ቁርኣን እየቀሩ ነው፤ አንዲት ሐርፍ እንኳ አልሾለከችም። ግንቡን ተደግፌ አለቀስኩ፤ የሠራሁት ደግ ሥራ መስሎኝ።

ዓመት አልሞላም። ሽቦው የተያዘባቸው ሁለቱ ወለቁ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሐኪሙ ሙሉ ጥርስ ሠራላቸው፤ ግን የመንጋጋቸው አጥንት ሟሙቶ ጥርሱ ማረፊያ አጣ፤ መቅራት ሲጀምሩ ጥርሱ ይንሸራተታል። በሚቀጥለው ረመዳን ያሰገደው ተማሪያቸው ነበር። እሳቸው ከኋላ ሰልፍ ቆሙ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ለበሽተኛ የሐኪም ቃል ቀንሼ አላውቅም። «ይቺ ምላሰ መራራ» ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

ከግንቡ ማዶ ግን ቅራቱ ቀረና የትንሽ ሙቀጫ ድምፅ ተተካ፤ ጥርስ ለሌለው ጫት እየተወቀጠ ነው የሚቃመው። አንድ ከሰዓት ምሳ ይዤላቸው ሄድኩ። ዘነዘናውን አስቀምጠው አዩኝ።

«ያ ቢንቲ፣ ያን ቀን ሐኪሙ የተናገረው ረጅም ነበር። ያንቺ ግን አጭር ነበር። ያስቀረሽው ነገር ነበር?»

«አይ፣ ያው ነው ያለው» አልኩ።

ዘነዘናውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት፤ እንድጨምር ይመስለኛል።

«ሀዬ፣ ይሁን» አሉና ሙቀጫውን ወደ ጉልበታቸው ሳቡት።