አንድ ያልተነበበ

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ ሙና የምትባለው ወጣት ባልደረባዬ ከጠረጴዛዋ ሆና ጠራችኝ። «እትዬ ትርሲት፣ ይሄ ነገር ሰደበኝ መሰለኝ» አለች። የምንሠራው ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ወደ ዶራሌ ወደብ የሚወርዱት የጭነት መኪናዎች ባለፉ ቁጥር መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። ስክሪኗ ላይ በፈረንሳይኛ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ፣ የምትፈልገው ገጽ አልከፈት ብሏል። እሷም ሦስት ጊዜ አጥፍታ አብርታዋለች።

አጥፍቶ ማብራት በወጣትነቴ የእኔም የመጀመሪያ መድኃኒት ነበር። ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ከሆዱ ውስጥ የካፖርት ቁልፍ የምታክለውን ባትሪ አውጥቼ በአዲስ ቀየርኳት። ያቺ ባትሪ ስትሞት ኮምፒውተሩ በየትኛው ዓመት ላይ እንዳለ ይረሳል። ቀኑን አስተካክዬ ገጹ ሲከፈት ሙና «እንዴት አወቁት?» አለችኝ። «አንዲት ልጅ አስተምራኝ ነው» አልኳት። ሌላውን አልነገርኳትም፤ ታሪኩ ረጅም ነው፣ መጨረሻውንም ያን ቀን እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር።

ያኔ የምንኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሠፈር ውስጥ ነው። አባቴ ዕድሜውን በምድር ባቡር ጽሕፈት ቤት የጨረሰ ሰው ነበር። ባቡሩ ሲቆም እሱ የሚገባበት አጣ፤ የኪስ ሰዓቱን ግን በየማለዳው ከሬዲዮ ጋር ማስተያየቱን አልተወም። የሚመጣ ባቡር ሳይኖር ሰዓቱ በግማሽ ደቂቃ ከዘገየ ይናደዳል። በመጨረሻ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የፈረንሳይ ቢሮ አምስት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ገዛና የመንገድ ዳሩን ክፍላችንን ኢንተርኔት ቤት አደረገው። ትምህርቴን ገና ጨርሼ ስለነበር ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

ኮምፒውተሮቹ በቫይረስ የተሞሉ ነበሩ፤ አንዱን ስናጸዳ ደንበኛው በፍላሹ ሌላ ይዞ ይመጣል። በሊሴ፣ በሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዬ የነበሩ ሰው አዘኑልኝና አንድ ሲዲ ሰጡኝ። «ሊኑክስ ይባላል። በነፃ ነው፣ ቫይረስም ብዙ አይደፍረውም። ሲታመም ግን ሐኪሙ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ደግሞ ታመመ። አንድ ቀን ድምፁ ይጠፋል፤ ብዙ ደክሜ ሳየው አንዲት ትንሽ ማስተካከያ ተዘግታ ነው። አንድ ቀን ኪቦርዱ በራሱ ጊዜ አሜሪካዊ ይሆንና A ሲጫኑት Q እየጻፈ፣ ሰው ሁሉ የይለፍ ቃሌ ተሰረቀ ብሎ ይጮህብኛል። ማተሚያው አለ ብለን ስናዝዘው የለሁም ይላል። ለሁሉም መድኃኒት አገኘሁለት፤ በሠፈሩም «ዶክተር» ተባልኩ። ስሙን ወደድኩት፤ ከሚገባው በላይ ወደድኩት።

አንድ መጥፎ ልማድ ነበረኝ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣ መልእክት አላነብም። ብቅ ሲል ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት ተጭኜ መዝጋት ነው። ማሽን ምን ሊለኝ ይችላል ብዬ ነበር መሰለኝ።

ወሩ ሰኔ ነበር። የጅቡቲን ሰኔ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ካምሲን የሚባለው ነፋስ ተነስቶ አሸዋውን በበር ስር ያስገባዋል፣ የዳቦው ቅርፊት እንኳ አፍ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። እኩለ ቀን ላይ ጫት ሲገባ መንገዱ ለአንድ ሰዓት ያህል በጥሩምባ ይታመሳል፤ ከዚያ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ እስከ ዐሥር ሰዓት ከተማው ይተኛል። እኛ ብቻ በራችንን ገርበብ አድርገን፣ ከየመኖቹ ቤት የመጣ በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ በቂጣቸው እየጠቀለልን እንበላለን። ያ ጨውና በርበሬ አሁንም ምላሴ ላይ አለ።

በዚያ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት የኢሜይል ገጾች በአምስቱም ኮምፒውተሮች ላይ አንከፈት አሉ። ዜናው ይከፈታል፣ ዘፈኑ ይከፈታል፣ ኢሜይል ሲሉት ግራጫ ገጽ በፈረንሳይኛ ጽሑፍ ተሞልቶ ይወጣል። ኮምፒውተሮቹም ሲነሱ ዲስካቸውን እየመረመሩ ሩብ ሰዓት ይፈጁ ጀመር፤ አንዱ ላይ በጨረፍታ «ይህ ዲስክ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው ወደፊት ነው» የሚል ነገር አየሁና ስቄ አለፍኩት።

ዘይነባ የመጣችው ሰኞ ነው። ከወሎ፣ ከከሚሴ አካባቢ የመጣች፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች፤ ከከተማው ዳር ሃያብለ በሚባል ሠፈር ካገሯ ልጆች ጋር ተጠግታለች። ከእኛ ቤት የመጣችው አማርኛ የሚያነብላት ሰው ስለምትፈልግ ነው። ታላቅ እህቷ ፋጡማ ባሕር ማዶ ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዋ ስልኳን ወስዳባት፣ ዓርብ ዓርብ በቤቱ ልጅ ኮምፒውተር ተደብቃ ትጽፍላታለች።

«ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ መኪናው ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ኦቦክ ይወጣል» አለችኝ። «ከዚያ ጀልባ ነው። ፋጡማ ደግሞ ደብዳቤዬን ሳታዪ እንዳትሳፈሪ ብላኛለች። ነይም ትበል ቅሪም ትበል፣ ቃሏን ልስማ።» የይለፍ ቃሏ በደብተር ጠርዝ ላይ ተጽፎ ነበር። እኔ አስገባሁት፤ ግራጫው ገጽ ወጣ።

አባቴ ያን ጊዜ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ከማዶ ያሉት ልጆች ጋ ውሰጃት እንጂ፣ የእነሱ ይሠራ ይሆናል» አለኝ። እውነቱን ነው። ከማዶ ያለው ኢንተርኔት ቤት ተቀናቃኛችን ነበር፤ ዶክተሯ በሽተኛዋን ይዛ እዚያ ልትገባ ነው? «አያስፈልግም፣ ነገ ይሠራል» አልኩ። ዘይነባም አመነችኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል።

ማክሰኞ ገመዶቹን ነቅዬ ሰካሁ። ኢንተርኔት የሚሸጥልንን ድርጅት በስልክ ተጣላሁት። ረቡዕ ዘይነባ በሃያብለ ሚኒባስ ላብ በላብ ሆና መጣች፤ «ነገ» አልኳትና ያን ቀን ሙሉ በአንደኛው ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት። ከእንዲህ ዓይነቱ መድኃኒት በላይ የለም። ሲጨርስ ኢሜይሉን ከፈትኩት፤ ያው ግራጫ ገጽ።

ሐሙስ የመጣችው ጓዟን በሻርፕ ጠቅልላ ነው። ሰባት ሰዓት አልፏል፣ ከማዶ ያለው ቤት ተዘግቷል፣ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። አጠገቤ ተቀመጠች።

«ከፈተ?»

«አልከፈተም።»

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ስህተት ነው።»

«ይኸ ሁሉ ጽሑፍ ምንም ነው?» አለች። «እኔኮ የፈረንጁን አላነብም። ደብዳቤ ሲመጣልኝ ከላይ እስከ ታች ካልተነበበልኝ አልነሳም። እስኪ የሚለውን ንገሪኝ።»

ተሰላችቼ፣ ልጅ እንደማባብል ያህል፣ እየተረጎምኩ ማንበብ ጀመርኩ። «የዚህ ገጽ ማረጋገጫ ገና አልጸናም» ይላል አልኳት።

«ገና ማለት?»

«ጊዜው አልደረሰም።»

«እና መቼ ነው የሚደርሰው?»

የሚቀጥለውን መስመር አነበብኩ። ዛሬ ኦክቶበር አሥራ ስምንት ነው ይላል፤ ዓመቱንም ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ወደ ኋላ አድርጎ ጽፎታል። ኦክቶበር እዚህ አገር ሙቀቱ የሚሰበርበት፣ ሰው ጣሪያ ላይ መተኛት የሚተውበት ወር ነው። ውጭ ካምሲን እየነፈሰ ነው። የስክሪኑን ጥግ አየሁ፤ 18/10 ይላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ አየሁ፤ አሥረኛው ወር፣ ሰኔ አሥራ ስምንት። ዓመቱም ያው ነው። ሁለቱ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ይሉ ነበር፤ ዓይኔም ትክክል ነው እያለ አልፏቸዋል።

«አባዬ፣ የኮምፒውተሮቹን ቀን የነካ ሰው አለ?»

«አለ። እኔ ነኝ» አለ፣ ከተጋደመበት ምንጣፍ ሳይነሳ። «ዓርብ ተበላሽተው አገኘኋቸው፣ አምስቱንም አስተካከልኳቸው። ሰዓታቸውንም ጭምር።»

«ማን አስተካክል አለህ?»

«እነዚህ ልጆች ናቸዋ። ከአገር የሚመጡት ሁሉ ዛሬ በእኛ ስንት ነው እያሉ ይጠይቁኛል። መንገድ ላይ ቀኑ ጠፍቶባቸው። እዚህ ሲገቡ እንኳ የሚያውቁትን ቀን ይዩ ብዬ ነው። ምን አጠፋሁ?»

ቀኑን በፈረንጅ መለስኩት፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከዓለም ጋር የሚነጋገር ማሽን ዓለም የሚቆጥረውን ካልቆጠረ ማንም አያምነውም፤ ነገሩ ይኸው ነበር። ገጹ ተከፈተ። የፋጡማ ደብዳቤ ከዓርብ ጀምሮ እዚያ ተቀምጧል።

በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ እየተንተባተብኩ አነበብኩት። «ዘይኑዬ፣ እንዳትመጪ። ባሕሩን እንዳታዪው። እዚህ በሩ የሚቆለፈው ከውጭ ነው። እኔም ለመመለስ ወረቀቴን እያስጨረስኩ ነው። እናታችን ጋ ሂጂና እዚያ ጠብቂኝ።»

«ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። በሦስተኛው ከእኔ ጋር አብራ ትለው ነበር። ከዚያ ሻርፑን ፈትታ እንደገና አጥብቃ አሰረችው።

«ሰኞ ከማዶ ብወስድሽ ኖሮ ሰኞ ትሰሚው ነበር» አልኳት። «ይቅር በይኝ።»

«አብሽሪ፣ ደረሰ አይደል?» አለችኝ። ደብተሯን ዘርግታ አድራሻዬን ከይለፍ ቃሏ ስር አስጻፈችኝ። «ስደርስ እጽፍልሻለሁ። አሁን መኪናው ጋ ልሂድ፤ ሦስት ያገሬ ልጆች እዚያ ቆመዋል። እኔ ካልነገርኳቸው ማን ይነግራቸዋል?»

አባቴ ጫማውን አጥልቆ ተከትሏት ወጣ። ሲመለስ ፊቱ አሸዋ ለብሶ ነበር። «ሚኒባስ ውስጥ ገባች» አለ። «አንድ ጠርሙስ ውሃ በመስኮት ሰጠኋት። የኦቦኩ መኪና ጋ ስትደርስ ደላላው እጇን ይዞ ቢያስገባትስ?» ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም።

ሁለት ወር አለፈ። «ያቺ የወሎ ልጅ ጻፈች?» አለኝ አንድ ቀን። «አልጻፈችም።» ከዓመት በኋላም ጠየቀኝ። ኢንተርኔት ቤቱን ዘግተን፣ እኔ ሥራ ይዤ፣ እሱ ዓይኑ ደክሞም ሳለ፣ ማታ ኢሜይሌን ስከፍት ካየኝ ያችኑ ይጠይቀኛል። ባሕሩ ሰው በላ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ግን አይጠይቅም፤ ሰዓቱን ይሞላል። ሳይሰማ ሞተ።

የመልእክት ሳጥኔ ጎን ለዓመታት ያልጠፋ አንድ ቁጥር አለ። «አንድ ያልተነበበ» ይላል። ከላይ ያሉትን ሁሉ አንብቤ ስጨርስም አይጠፋም። የማሽን ብልሽት ነው ብዬ ትቼው ነበር፤ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ስቀያየርም አብሮኝ ዞሯል።

የሙናን ባትሪ በቀየርኩ ማታ ቤቴ ገብቼ ያንን ቁጥር አየሁት። ዘይነባ «ከላይ እስከ ታች» ያለችው ትዝ አለኝ። ደብዳቤዎቼን ወደ ታች ወረድኩ፣ ዓመት በዓመት እየወረድኩ፣ እስከ መጨረሻው። እታች፣ ከመጀመሪያው ደብዳቤዬ በታች፣ እኔ ገና ኢሜይል ሳይኖረኝ ተጻፈ የሚል አንድ ደማቅ መስመር ነበር። ላኪው ከኮምቦልቻ የሆነ የጽሕፈት ሥራ ሱቅ ነው። ባለሱቁ የኮምፒውተሩን ቀን ልክ እንደ አባዬ አስተካክሎት ኖሮ፣ የላከውም በገጽ ሳይሆን ማረጋገጫ በማይጠይቅ የድሮ የደብዳቤ ፕሮግራም ስለነበር፣ ደብዳቤው ያንን ቀን ይዞ መጥቶ ከሁሉም ስር ገብቷል።

ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ አባዬ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር አጠገብ ቆሜ። «እህቴ ትርሲት፣ ዘይነባ ነኝ። ደርሻለሁ። ሁለቱ ልጆች አብረውኝ ተመልሰዋል፤ አንዷ እምቢ ብላ ሄደች። ፋጡማ ትኬት ቆርጣለች። ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ ውሃ ሲሰጠኝ ሳላመሰግነው መኪናው ሄደብኝ።»

ቀኑ 12/12 ይላል። እሱ እንደሚያነበው ካነበብኩት ነሐሴ አሥራ ሁለት ነው፤ ከሄደች ሁለት ወር አልሞላም። መጀመሪያ «ጻፈች?» ብሎ የጠየቀኝ ቀን ደብዳቤው ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ መልስ ጻፍኩላት። ሱቁ ከተዘጋ ቆይቶ ይሆናል፣ ደርሶ የሚሰጣትም ላይኖር ይችላል። ቢሆንም ከላይ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አድርጌ፣ ከስሩ ደብዳቤዋ እንደደረሰኝ፣ ለአባቴም እንደነገርኩት ጻፍኩ።