እማዬ ያነጠፈችው አልጋ

እዚህ ካምፓላ፣ ፍራሻችን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ወጥቷል። ከሐይቁ በኩል ደግሞ ደመናው እየጠቆረ ነው፤ እኔ መቀመጥ አቅቶኛል።

ልጄ ናቲ ጠዋት ጠዋት ሲያስነጥሰው ነው የሚነሳው። የክሊኒኩ ሐኪም "አልጋው ላይ በዓይን የማይታይ የአቧራ ተባይ ይኖራል፣ እርጥበት ይወዳል። እንደተነሳ አታንጥፉ፣ ገልጣችሁ አናፍሱት" ብላን ነበር።

ይህን ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ለመጣችው እናቴ ንገሯት እስቲ! ፊታችሁን ታጥባችሁ ስትመለሱ አልጋው ሰው የተኛበት አይመስልም። ለሰፈራችን ለኪዋቱሌ ሙቀት የታሰበ ይመስል ተሸክማ ያመጣችውን ወፍራም ብርድ ልብስም ትደርብበታለች።

ዛሬ ጠዋት ግን አመለጠኝ፦ "እማዬ፣ ተባይ አለው እኮ!"

ክው አለች። "እኔ ያነጠፍኩት አልጋ? ተባይ?"

መልሴንም አልጠበቀች። ፍራሹን ብቻዋን እየጎተተች አወጣችው፤ ጎረቤቱ ሁሉ እያየ። (የካምፓላን ዝናብ ገና አላወቀችውም።)

አሁን ወጥቼ "እማዬ፣ ሊዘንብ ነው፣ እናስገባው" አልኳት። ፍራሹ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

"አንቺንም ልጅ ሆነሽ ጠዋት ጠዋት ያስነጥስሽ ነበር" አለች። "እኔ 'ይማርሽ' እያልኩ አነጥፋለሁ።"

የፍራሹን ጫፍ ያዝኩ። የፍራሹ አቧራ ነው መሰል፣ እዚያው አስነጠሰኝ።

ይማርሽ አላለችኝም።

እባካችሁ ዝናቡ ሳይቀድመን ንገሩኝ፦ እናንተ ለእናታችሁ "አልጋ አታንጥፊ" እንዴት ብላችሁ ነገራችኋት?