ቀኑ የታወቀ ገንዘብ

የልጄን የዮናስን መርዶ የነገሩኝ ዕለት ቤቴ ለሰው አልበቃም ነበር። ፀሐይ ሳትወጣ ግቢው ሞላ... ድንኳኑ ከአጥር ወጥቶ መንገድ ዘጋ። ከአርባው በኋላ ግን ሁሉም ወደ ኑሮው ተመለሰ። በሬን የሚያንኳኳ መብራት ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ብቻ ሆነ።

ባለፈው ወር ዮናስ ይሠራበት ከነበረው ቦሌ ካለ ድርጅት ተደወለልኝ። ለጡረታው ብሎ ከደሞዙ ያስቆርጥ ኖሯል፤ ወራሽ አድርጎ ያስመዘገበውም እኔን ነው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ለጡረታ... ቢሯቸው ስሄድ ሊፍቱ ውስጥ አለቀስኩ። ታናሽ ወንድሜ ታደሰ «ብቻሽን ከሄድሽ ያታልሉሻል» ብሎ አብሮኝ መጥቶ ነበር።

የተቀበለችን ልጅ ረጋ ብላ አስረዳችን።

«እማማ፣ ሁለት ምርጫ አለዎት። ቋሚ ክፍያ ካሉ በየወሩ፣ በታወቀ ቀን፣ እኩል እየሆነ ይገባልዎታል። ተለዋዋጭ ካሉ ደግሞ በቸገረዎት ጊዜ የፈለጉትን ያህል ያወጣሉ። ቋሚውን መርጠው ከፈረሙ ግን መመለስ የለም።»

«ተለዋዋጩን አድርጊላት» አለ ታደሰ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

«ለምን?» አልኩት።

«እትዬ፣ ገንዘቡ የሚገባበት ቀን ከታወቀ አለቀልሽ። ዘመድ ሁሉ ያን ቀን ጠብቆ በርሽ ላይ ነው።»

«ማን ይመጣል?»

«ብርቄ አለች። የአክስታችን ልጅ ሆና ከአርባው ወዲህ ዞር ብላ አላየችሽም፤ ያን ቀን ግን በጠዋት ነው የምትደርሰው።»

«ብቻዋን?»

«ልጆቿን ሁሉ አስከትላ ነዋ። አንጀትሽን ለመብላት።»

«ሌላስ?»

«አበራ አለልሽ፣ ከሃያ ሁለት ሰፈር የሚመጣው። እሱ ደግሞ አንዴ ከተቀመጠ ራት ሳይበላ አይነሳም። ወሬውም አያልቅም።»

ታደሰ ያሳመነኝ መስሎት ወንበሩን ደገፍ አለ። እኔ ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

«ልጄ፣ ቋሚውን አድርጊልኝ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ነኝ። ቀኑን መምረጥ ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«እንግዲያው በሚካኤል ይሁንልኝ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገዳቸው ነው።»

ልጅቷ ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ... ከዚያ ጻፈች።

ታደሰ እስከ መገናኛ ሲያጉረመርም ሄደ። ስንለያይ «ኋላ ታደሰ አልነገረኝም እንዳትዪ» ብሎኝ ሄደ።

ዛሬ ሚካኤል ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ ገባ። ነጠላዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ... ታደሰ ነው። ብርቱካን ይዟል። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ እግሬ ጠየቀኝ፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ ጠየቀኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ ለትንሽ ጊዜ ነው...»

ሳይጨርስ ብርቄ ልጆቿን አስከትላ ገባች። ታደሰ አቀርቅሮ ብርቱካን መላጥ ጀመረ። ትንሹ ልጅ ከአልጋ ሥር የዮናስን ኳስ አግኝቶ ግቢውን በጩኸት ሞላው። እኔም ከአርባው ወዲህ ተደፍቶ የቆየውን ትልቁን ድስት አውርጄ ጣድኩ።

አበራ ከመጣ ራቱ ተሠርቷል። እናንተም ይህን የምታነቡ ሁሉ ኑ... ብቻ የብድሩን ነገር ከማንሳታችሁ በፊት ዮናስን ነፍስ ይማር በሉልኝ።