ዝም ያሰኘሁት ኮምፒውተር

«በዚህ ሙቀት ከኮምፒውተር ላይ ማራገቢያ የሚነቅል ሰው ያየሁት አንተን ነው» አሉ ሐጂ። ከጧት ጀምሮ ይህን ሲሉኝ የመጀመሪያቸው አልነበረም። ገንዳ ውሃ ከተማ ያለችው የጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት የሳቸው ናት፤ እኔ በኮምፒውተሩ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ።

ሁለቱን ትንንሽ ማራገቢያዎች ነቅዬ አንድ ሰፊ እንዳስገባሁ፣ ሰፊው ቀስ ብሎ ሲዞር ትንንሾቹ እየጮኹ የሚገፉትን ያህል አየር እንደሚገፋ ደግሜ ነገርኳቸው። አልተዋጠላቸውም። ትራክተር ሲያርስ ይሰማል፣ የውኃ ፓምፕ ሲስብ ይሰማል፤ የማይሰማ ነገር መሥራቱ በምን ይታወቃል?

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ የሰሊጥ ሥራ ሳይደርስ ይህን ነገር ታቃጥልብኛለህ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ያ የኮምፒውተሩ ሳጥን ክርኔ ሥር ሲያፏጭ ውሏል። ቤቴ ስገባም ፉጨቱ ጆሮዬ ውስጥ አብሮኝ ይገባል፤ ግጥም ልጽፍ ደብተሬን ስገልጥ ከስንኙ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። ስለዚህ ቁራጭ በቁራጭ ዝም አሰኘሁት። የሚሽከረከረውን ዲስክ አውጥቼ በማይሽከረከር ተካሁ። ሰፊው ማራገቢያ ከጎንደር በአውቶቡስ መጣ። ሳጥኑ እንዳይንቀጠቀጥ ከአሮጌ የባጃጅ ከመነዳሪ ጎማ ቆርጬ በየብሎኑ ሥር አደረግሁ። ያን ዕለት ጧት ስከፍተው መሥራቱን ያወቅሁት በመብራቱ ነው። ደስታ አልለውም፤ ብዙ መንገድ የተሸከሙትን ዕቃ መሬት እንደማስቀመጥ ያለ ነገር ነበር።

ሐጂ መዳፋቸውን ከሳጥኑ ኋላ አስጠግተው የሚወጣውን ሞቃት አየር ለኩ። «እናያለን» ብለው ወደ ፎቶ ኮፒያቸው ተመለሱ።

ቀትር ላይ፣ ባጃጆቹ ጥላ ፈልገው ቆመው መንገዱ ጭር ሲል፣ ከትናንት በስቲያ ያነጋገረችኝ ሴት መጣች። ባሏ ለሥራ ሱዳን እንደተሻገረ ቀርቷል። የባሏ ወንድም የሰሊጥ መሬቱን ሊወስድባት ከሷታል፤ መልሷን እስከ ነገ ፍርድ ቤት ካላስገባች መሬቱ ይሄዳል። መልሱ ውስጥ የሚያሳፍራት ነገር እንዳለ፣ እሱንም ለእኔ ብቻ እንደምትነግረኝ አስቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር።

በርጩማውን አስጠግታ ከክርኔ አጠገብ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ የሚያስጽፈኝ እንዲህ ነው፤ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አድርጎ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከኋላችን አግዳሚው ላይ ሦስት ሰዎች፣ በሙቀቱ ያረፈው ፎቶ ኮፒ እስኪነሣ ይጠብቃሉ።

«ባሌ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው» አለች። «ትንሹ ልጅ ግን…»

ቆመች። ድምፅዋ ግድግዳው ድረስ ደርሶ ነበር። ስለ ሰሊጥ ዋጋ ያወሩ የነበሩት ሦስቱም ዝም ብለዋል። አንደኛው ጫማውን ያያል፤ የሚያዳምጠው ግን ጫማውን አልነበረም።

ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። አልሰማኋትም። «ምን አልሽኝ?» አልኳት፤ የእኔም ጥያቄ ቤቱን ሞላው።

«ወንድሜ፣ ይህ ቤት እኮ እንዲህ አልነበረም» አለች በሹክሹክታ። «አምና እናቴ ስታስጽፍ አጠገቧ ቆሜ እኔ እንኳ አልሰማኋትም።»

ያኔ ነው የገባኝ። ሁለት ዓመት የረገምኩት ፉጨት ለሰዎቹ መጋረጃ ነበር።

ሐጂ ከእኔ ቀድሞ ገብቷቸው ኖሮ ፎቶ ኮፒውን ለድምፁ ብለው አስነሱት፤ ባዶ ወረቀት እየጎረሰ ባዶ ወረቀት ይተፋ ጀመር። እሷ ግን አንዴ ተሰምቻለሁ ብላ ተነሥታለች። ሰዎቹን ላስወጣቸው አልኳት። ውጭ ቆመው ለምን እንደወጡ ይጠያየቃሉ አለችኝ።

«ነገ እኮ የመጨረሻው ቀን ነው።»

«አውቃለሁ።»

ወረቀቶቿን ወደ ፌስታሏ መለሰች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ በሦስቱ ፊት አለፈች፤ ወጥታም የብረቱን በር ከኋላዋ ዘጋችው።