በሲንፎሪያኖ ስልክ ውስጥ የተፈለገችው ሴት

ኤርሜሊንዳ ባሏን መጠርጠር የጀመረችው በዋንጫው ነው። ጠዋት ጠዋት ማንጎው ሥር ቴሬሬ የሚሉትን ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ በአንድ የቀንድ ዋንጫ የምትቀዳው እሷ ናት። ተቀባዩ ጠጥቶ ቶሎ ይመልሳል፤ በከተማቸው ኢታጉዋ ዋንጫ ይዞ መቅረት ነውር ነው። ሲንፎሪያኖ ግን ሰሞኑን ዋንጫውን በግራ እጁ ታቅፎ፣ በቀኝ አውራ ጣቱ የስልኩን ስክሪን እየገፋ ብቻውን ፈገግ ይላል።

«ሴት ናት» አለች አበልጇ ዴኦሊንዳ። «ወንድ ልጅ ብቻውን ከሳቀ ወይ አብዷል ወይ ወዷል። ያንቺው ደግሞ አላበደም።»

«በዚያ ቦርጩ ማን ትወደዋለች?»

«አንቺ ወደሽው የለ!»

ነገሩ ሲከነክናት ሰነበተ። አንድ ቀን ሰውዬው ሊታጠብ ሲገባ ስልኩን ብድግ አደረገችው። የሴት ድምፅ፣ የሴት ፎቶ ፈለገች። ያገኘችው የውሃ ፓምፕ የሚጠግን ሰውዬ፣ ፈረስ ላይ የተኛ ውሻ፣ እየተሳደበ ኬክ የሚጋግር ጎረምሳ ነው። «ትመጣለች፣ የት ትገባለች» እያለች በአውራ ጣቷ ገፋች። በመሃል የአንዲት አሮጊት እጅ ዳንቴል ሲሠራ አየችና ቆም አለች። ከዚያ በኋላ ዳንቴል በዳንቴል ሆነ። ራሷም ዳንቴል ሠሪ ናት፤ የምትፈልጋትን ሴት ጨርሶ ረሳቻት።

«አንቺ ሴት! ቦሎቄው አርሯል እኮ!»

ሲንፎሪያኖ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አጠገቧ ቆሟል። ሌባ ሆና የተያዘችው እሷ ብትሆንም መልሳ የጮኸችበት እሷው ናት።

«ዳንቴል እንደምወድ ይሄን ስልክ ማን ነገረው?»

«ማንም አልነገረው። የት ላይ እንደቆምሽ ያያል።»

«ሰላይ ነው በለኛ!»

በጣም ተናደደች። የሷ ዳንቴል ጠርዝ አለው፤ እዚያ ሲደርስ ክሩ ተቋጥሮ ሥራው ያልቃል። ይሄኛው ጠርዝ የለውም፤ የሠራው ሰው ሆን ብሎ ነው ያስቀረው፤ ማንም ጠግቦ እንዳይነሳ።

ይሄን ነገር እንዲያጠፋው ስትጠይቀው፣ እያጉረመረመ ቢሆንም ባሏ እሺ አላት። የሚጮኸውን ደወል፣ ያልታየ አለ እያለ የሚጠራውን ቀይ ቁጥር አጠፉ፤ ቪዲዮዎቹንም ከነመተግበሪያቸው ከስልኩ አወጧቸው። ቴሬሬ ሲጠጣ ስልኩ ቤት ውስጥ እንዲቀመጥ ተስማሙ።

በማግስቱ ማንጎው ሥር ተቀመጡ። ሲንፎሪያኖ ዋንጫውን በጊዜ መለሰ፤ አውራ ጣቱ ግን የወንበሩን ክንድ ይገፋል። ጥርጣሬዋ አሁንም አልለቀቃትም።

«ሴት ካልሆነች ከምን ነው የሸሸኸው?»

አውራ ጣቱን በመዳፉ ጨበጠው። «ማሪሴል ቦነስ አይረስ ከሄደች ወዲህ እዚህ ስንቀመጥ ወሬያችን ስለ ልጃችን ብቻ ነው። አንቺም ታለቅሻለሽ። እኔ አልችለውም። ስልኩ ላይ የሚያለቅስ ሰው ሲመጣ በጣቴ አሳልፈዋለሁ።»

ኤርሜሊንዳ የምትቀዳበትን ማሰሮ መሬት አስቀመጠች።

«እንግዲያው ዛሬም አለቅሳለሁ» አለችው። «አንተም ቁጭ ብለህ ታየኛለህ።»

አለቀሰች። እሱም ቁጭ ብሎ አያት።